ለቤት የሚሆን ፖርት ወይን፣ ኪስ ሳይጎዳ

እናቴ ባለፈው ክረምት ለንደን መጥታ ሁለት ወር እኔ ጋ ነበረች። አንድ ማታ ከእራት በኋላ ከፍሪጅ ጠርሙስ አወጣሁና በትንሽ ብርጭቆ ቀዳሁ። "ምንድነው እሱ?" አለችኝ። ለእሷም ሁለት ጣት ያህል ቀዳሁላት። አሸተተችው። ፉት አለች። ትንሽ ዝም ብላ ደግማ ፉት አለችና "ይሄማ ወይን ላይ አረቄ ጨምረውበት ነው፤ ደሞ ከርሟል" አለች።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠጅ ስትጥል የኖረች ሴት ናት። ስለ ፖርቱጋል ወይን የነገራት ሰው የለም። ግን በሁለት ፉት ብቻ ነገሩን ጨርሳ ተናገረችው። ፖርት ማለት ወይን ነው፣ አረቄ ተጨምሮበታል፣ ከርሟል። እኔ ይሄን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ቤቴ መጥተው የቀመሱ ጓደኞቼ ሁሉ "የቱን ልግዛ?" ይሉኛል። በስልክ እያስረዳሁ ከምውል አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ስለ ውዱ አይደለም የማወራው። ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ ማታ ሲገባ አንድ ትንሽ ብርጭቆ ለሚፈልግ ሰው፣ ወጪውም ለማይከብደው ጠርሙስ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እሱ ከገባችሁ ምርጫው ይቀላል። ጠጅ ሲጣል ብርዙ መጀመሪያ ላይ ጣፋጭ ነው። እየፈላ ሲሄድ ማሩ ወደ አልኮል ይለወጥና ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ከቆየ ጭራሽ ደረቅ ይሆናል። የወይን ጭማቂም እንደዚሁ ነው። ፖርት የሚሠሩት ሰዎች ግን እስከ መጨረሻው አይጠብቁም። ጭማቂው ሁለት ሦስት ቀን ከፈላ በኋላ፣ ስኳሩ ገና ሳያልቅ፣ 77 በመቶ አልኮል ያለው የወይን አረቄ ይጨምሩበታል። ከአምስት እጅ አንዱን ያህል። እርሾው እዚያው ይሞታል፣ መፍላቱም ቀጥ ይላል። የቀረው ስኳር እዚያው ይቀራል። ለዚህ ነው ፖርት ጣፋጭም ብርቱም የሚሆነው። አልኮሉ 20 በመቶ አካባቢ ነው፤ ተራው የገበታ ወይን ደግሞ 12 ወይም 13። እዚህ አገር አክሱማይትን የሚናፍቅ ሐበሻ ብዙ ነው። እንደሱ ዓይነት ጣፋጭ ወይን የሚወድ ሰው ፖርትን በመጀመሪያው ቀን ይወደዋል፣ ግን ብርታቱን ማወቅ አለበት።

ፍሬው የሚመጣው ከሰሜን ፖርቱጋል፣ ከዶውሮ ወንዝ ሸለቆ ነው። ሺስት በሚባል እንደ ገጽ በሚላጥ ድንጋይ ተራራ ላይ እርከን እየሠሩ ነው የሚተክሉት። ኮንሶን ያየ ሰው መልኩ ወዲያው ይመጣለታል፤ ሁለቱም በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፣ በፈረንጆች ዶውሮ በ2001፣ ኮንሶ በ2011።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ጠርሙሱ ከተከፈተ በኋላ በስንት ቀን ትጨርሱታላችሁ? ዋጋውንም፣ ስሙንም፣ ዓይነቱንም ከዚህ በኋላ ነው የሚታየው። ሰው ሁሉ "የቱ ይጣፍጣል?" ብሎ ይጀምራል። ጥሩ የሚጣፍጠውን ገዝታችሁ በሦስተኛው ሳምንት ሲሞትባችሁ ግን ርካሽ አልገዛችሁም፤ ግማሹን ጠርሙስ ለማጠቢያ ገንዳ ነው የገዛችሁት።

እኔ ይሄን በኪሳራ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያ ጠርሙሴ ርካሽ ሩቢ፣ ቀዩ የፖርት ዓይነት፣ ነበር። ሻጩ "ብርቱ መጠጥ ስለሆነ አይበላሽም" አለኝ፤ አመንኩት። ከፍቼ ማሞቂያው አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ አቆምኩት፣ እየደረሰኝ አንድ አንድ እየጠጣሁ ሁለት ወር አቆየሁት። መጀመሪያ ቀን የበሰለ እንጆሪና ቼሪ የሚሸተው ወይን በመጨረሻ የተቀቀለ ዘቢብ ውኃ መሰለ። አልኮሉ ብቻ ቀረ። ሁለተኛው ደግሞ ባሰ። ጓደኛዬ ሲመረቅ ክብር ይሁነው ብዬ ቪንቴጅ ፖርት፣ የአንድ ምርጥ ዓመት ምርት ብቻ የሆነውን፣ ገዛሁ፣ ከማንኛውም ጠርሙስ በላይ የከፈልኩበት። ሦስት ሆነን ሲሶውን ጠጣን። በሳምንቱ ወደ ቀረው ስመለስ ያ ሁሉ ጠረን ጠፍቷል። ያን ቀን በጣም ነው የከፋኝ። የነገረኝ ቢኖር ኖሮ ገንዘቡ ሦስት ጥሩ ጠርሙስ ይገዛልኝ ነበር።

ልዩነቱ ከየት እንደመጣ የገባኝ ፖርቶ ሄጄ ነው። ከተማዋ ከወንዙ በስተሰሜን ናት፤ የወይን መጋዘኖቹ ግን ማዶ፣ ቪላ ኖቫ ደ ጋያ ነው ያሉት። በፈረንጆች 1886 በተሠራው የብረት ድልድይ በላይኛው ወለል በእግሬ ተሻገርኩ፣ ከጎኔ ባቡሩ ያልፋል፣ ከታች የመጋዘኖቹ ቀይ ጣራ ተደርድሯል። ውስጥ ስትገቡ ጨለማ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። የእርጥብ እንጨትና የዘቢብ ሽታ አፍንጫ ይሞላል። የምታስጎበኘን ልጅ ሁለት ዓይነት ዕቃ አሳየችን። አንዱ ቤት የሚያህል ግዙፍ የእንጨት ጋን ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለው ብዙ ወይን ከአየር ጋር ብዙም አይገናኝም። ሩቢ የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ ቀለሙና የፍሬው ጣዕም እንዳይሄድ። ሌላው ከ550 እስከ 600 ሊትር የሚይዝ በርሜል ነው። በበርሜሉ እንጨት በኩል አየር ጥቂት ጥቂት እየገባ ወይኑን ለዓመታት ይነካዋል፣ ወይኑም በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተነነ ይቀንሳል። ታውኒ የሚባለው የፖርት ዓይነት የሚያድገው እዚህ ነው።

ከዚያ ብርጭቆዎቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው። ሩቢው የካርካዴ ቀለም ነው፤ ድፍን ቀይ፣ ወረቀቱ አይታይም። የ10 ዓመቱ ታውኒ ዳር ዳሩ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል። የ20 ዓመቱ የጠቆረ ማር ይመስላል፤ ብርጭቆውን ስታዘነብሉት ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል። ጣዕማቸውም እንደ ቀለማቸው ነው። ሩቢው ትኩስ ፍሬ ነው፣ ታውኒው ለውዝ፣ የደረቀ በለስ፣ የተቃጠለ ስኳር።

ለቤት የሚሆነኝን ያገኘሁት እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ታውኒ ከአየር ጋር አብሮ ያደገ ወይን ነው። ጠርሙሱ ሲከፈት አዲስ ነገር አያጋጥመውም፣ አይደነግጥም። ሩቢ ግን ከአየር ተደብቆ ነው የኖረው። ስለዚህ የተከፈተ ታውኒ ፍሪጅ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ በደንብ ይቆያል፤ ሩቢ ሁለት ሦስት ሳምንት፣ ኤል ቢ ቪ የሚባለው (ሌት ቦትልድ ቪንቴጅ፣ ዘግይቶ የታሸገ የአንድ ዓመት ምርት ማለት ነው) አንድ ሳምንት ቢበዛ ሁለት፣ ቪንቴጅ ሁለት ሦስት ቀን።

ሒሳቡን እንሥራው። ጠርሙሱ 750 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ብርጭቆ 60 ሚሊ ሊትር ብትቀዱ 12 ተኩል ብርጭቆ ይወጣዋል። በሳምንት ሦስት ማታ አንድ አንድ የሚጠጣ ሰው አራት ሳምንት ይፈጅበታል ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ነኝ። ስለዚህ የእኔ ጠርሙስ ታውኒ ነው፣ ሌላ ምርጫ የለኝም። ባልና ሚስት ሆናችሁ የምትጠጡ ከሆነ ግን ሩቢም ይሆናችኋል፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል። በፆም የማትጠጡ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አስቡ፤ አብይ ፆም 55 ቀን ነው፣ ይሄን ያህል ታውኒም ቢሆን አይታመንም። ከቅበላ በፊት ጨርሱት ወይም አትክፈቱት።

"ታውኒ" ስላልኩ ግን ታውኒ የተጻፈበትን ሁሉ አታንሱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከጎኑ ምንም ሳይጨመርበት "ታውኒ" ብቻ የሚል ርካሽ ጠርሙስ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ያ ወይን በርሜል ውስጥ ብዙ አልቆየም። ከሩቢው ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ሆኖ ቀለሙ ብቻ የሳሳ ነው፤ አንዳንዴ ነጭ ፖርት ይደባለቅበታል። መጥፎ መጠጥ አይደለም፣ ግን ያ የለውዝና የበለስ ጣዕም የለውም። እናንተ የምትፈልጉት "ሪዘርቭ ታውኒ" የሚል ወይም ቁጥር ያለበት ነው። ሪዘርቭ ታውኒ በእንጨት ውስጥ 6 ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ነው። ቁጥር ያለባቸው 10፣ 20፣ 30፣ 40፣ 50 ይላሉ። "10" ሲል እያንዳንዱ ጠብታ አሥር ዓመት ሞልቶታል ማለት አይደለም። የተለያየ ዕድሜ ያላቸው ወይኖች ተቀላቅለው፣ የዶውሮና የፖርቶ ወይኖች ተቋም ቀማሾች "አዎ፣ ይሄ የአሥር ዓመት ታውኒ ጠባይ አለው" ብለው ሲያጸድቁት ነው የሚጻፈው።

ቁጥር ያለበትን ስታነሱ ጀርባውን አዙሩ። የታሸገበት ዓመት ተጽፎበታል። ታውኒ በርሜል ውስጥ ነው እንጂ ጠርሙስ ውስጥ አይሻሻልም። ስለዚህ በቅርብ ጊዜ የታሸገውን ምረጡ፤ መደርደሪያ ላይ አምስት ዓመት አቧራ የጠጣውን ተዉት። ሰው አቧራ ያለበት ጠርሙስ ሲያይ "ይሄ ነው ጥሩው" ይላል። ለታውኒ እውነቱ ተቃራኒው ነው።

ዋጋ ላይ እንምጣ። እኔ ለንደን ሱፐርማርኬት ብዙ ጊዜ የማየው ተራ ሩቢ 10 እና 12 ፓውንድ አካባቢ፣ ኤል ቢ ቪ ከ13 እስከ 18፣ የ10 ዓመት ታውኒ ወደ 20 ፓውንድ ይጠጋል፣ አንዳንዱ ያልፋል። በፈረንጆች 2023 ኦገስት ላይ ቀረጡ በአልኮሉ መጠን እንዲሰላ ከተደረገ ወዲህ ብርቱ ወይኖች ተወደዋል። 20 ፓውንድ ለአንድ ጠርሙስ ብዙ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ለ12 ብርጭቆ አካፍሉት፤ አንዱ ከ1 ፓውንድ ከ70 አይበልጥም። ካፌ ገብታችሁ ለአንድ ማኪያቶ ከዚያ እጥፍ ትከፍላላችሁ። ሪዘርቭ ታውኒ ካገኛችሁ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

የሱፐርማርኬቱ የራሱ ስም ያለበትን ፖርት አትናቁት። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ስማቸውን የምታውቋቸው ትልልቅ ቤቶች ናቸው፣ ጀርባው ላይ በትንሽ ፊደል ማን እንዳሸገው ይጻፋል። እኔ ስም ካላቸው ውስጥ ዋርስ ኦቲማ 10ን እወደዋለሁ። ጠርሙሱ የሚያሳይ መስታወት ስለሆነ ቀለሙ ከሩቅ ይታያል። ግን ብዙ ጊዜ 50 ሳንቲ ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው፤ ዋጋው ያነሰ መስሏችሁ እንዳትታለሉ፣ በሊትር አስሉት። ለብቻው ለሚጠጣ ሰው ትንሽነቱ ራሱ ጥቅም ነው። ሩቢ የሚወድ ደግሞ ተራውን ትቶ ሪዘርቩን ይያዝ። ፎንሴካ ቢን 27፣ ግራምስ ሲክስ ግሬፕስ፣ ኮክበርንስ ስፔሻል ሪዘርቭ፣ ሦስቱም የትም የሚገኙ ናቸው፣ ሦስቱም አሪፍ ናቸው። ከተራው በጥቂት ፓውንድ ነው የሚበልጡት፣ ጣዕማቸው ግን በጣም ይለያል።

ኤል ቢ ቪ የእንግዳ ቀን ጠርሙሴ ነው። የአንድ ዓመት ምርት ብቻ ሆኖ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ቆይቶ የሚታሸግ ነው፣ ወፍራም፣ ጥቁር ቀይ። አምስት ስድስት ሰው ቤት ሲመጣ ይከፈታል፣ ያን ማታ ያልቃል፣ ስለመበላሸቱ አታስቡም። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ተጣርቶ የታሸገ ነው፣ እንደ ቴይለርስ ያለው፤ ላዩ ፕላስቲክ የሆነ በእጅ የሚነቀል ቡሽ አለው፣ ከፍቶ መቅዳት ብቻ ነው። ሌላው ሳይጣራ የታሸገ ነው፤ መክፈቻ የሚፈልግ ረጅም ቡሽ አለው፣ ከታች አተላ ይዟል። ጠጅ ሲጠለል ያየ ሰው አተላ አያስፈራውም። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ማንቆርቆሪያ ቅዱት፣ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። ያልተጣራው ጣዕሙ የበለጠ የጠለቀ ነው፣ ድካሙ አያስቆጭም።

ስለ ቪንቴጅ ብዙ አልልም። ለልጅ መወለድ ገዝቶ ልጁ ሲዳር የሚከፈት ወይን ነው። ለማክሰኞ ማታ አይደለም።

ርካሽ ስገዛ እታለል ይሆን የሚል ሰው አንገቱ ላይ የተለጠፈችውን የወረቀት ማኅተም ይይ። ቁጥር አላት፣ ያ የዶውሮና የፖርቶ ወይኖች ተቋም ነው የሚሰጣት፣ ያለ እሷ ፖርት ከፖርቱጋል አይወጣም። ይሄ ቁጥጥር የትናንት አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ፖርትን ወደውት ገበያው ሲደራ፣ ነጋዴዎች ቀለሙ እንዲደምቅ ኤልደርቤሪ የሚባል የጫካ ፍሬ ጭማቂ ይጨምሩበት ነበር። የፖርቱጋል ሚኒስትር የነበረው ማርኬስ ደ ፖምባል በ1756 የዶውሮን ወይን የሚቆጣጠር ኩባንያ አቋቋመና የክልሉ ወሰን ተካለለ፤ የኤልደርቤሪው ዛፍም እንዲነቀል ተደረገ። ለዚህ ነው ዛሬ የ11 ፓውንዱም ጠርሙስ እውነተኛ ፖርት ነው ብዬ በሙሉ ልብ የምናገረው። አሜሪካ ያላችሁ ግን አስተውሉ፤ እዚያ "ፖርት" የሚል በካሊፎርኒያ የተሠራ ጠርሙስ ታገኛላችሁ። ፖርቱጋል የሚለውንና ማኅተሟን ፈልጉ።

መቼ ይገዛ? የፈረንጆች ገና ሲቃረብ። እዚህ አገር ፖርት የገና መጠጥ ስለሆነ ዲሴምበር ላይ ሱቁ ሁሉ ቅናሽ ያደርጋል። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ስለሆነ ደግሞ እነሱ ጨርሰው የተረፈውን ሲያወርዱ እኛ ገና እየተዘጋጀን ነው። እኔ የዓመቱን ሦስት አራት ጠርሙስ በዚያ ሳምንት ነው የምገዛው። ያልተከፈተው ቆሞ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።

ስትጠጡት በመለኪያ አትጠጡት። ሽታው ቦታ ይፈልጋል። ትንሽ የወይን ብርጭቆ ሲሶውን ብቻ ሙሉት። ታውኒ ከፍሪጅ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይጠጣል፤ ሩቢ ከዚያ ትንሽ ሞቅ ይበል። የቤት ሙቀት የሚባለው ግን ማሞቂያ ለበራበት ቤት አይሠራም፣ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸታችሁ። ደሞ ከወጥ ጋር አትጠጡት። በርበሬውና አልኮሉ ተጋግዘው ጉሮሮ ያቃጥላሉ። ማዕድ ከተነሳ በኋላ ነው ሰዓቱ። ሩቢ ከጥቁር ቸኮሌት ጋር ይሄዳል፤ እንግሊዞች ስቲልተን ከሚባለው ሻጋታ ያለው አይብ ጋር ይወዱታል፣ ጨውና ስኳሩ ሲገናኙ ልክ ናቸው። ታውኒን እኔ የምጠጣው ከቆሎ ጋር ነው። ለውዝ የገባበት፣ በደንብ የተቆላ የገብስ ቆሎ። ያ የተቆላ ሽታ ታውኒው ውስጥም አለ፣ ሞክሩትና ታዩታላችሁ።

ነጭ ፖርትም አለ፤ ሙቀት ሲሆን በረዶ፣ ቶኒክ ውኃና አንድ ቁራጭ ብርቱካን ጨምሮ መጠጣት ነው። ብርቱካን የሚለው ቃላችን ራሱ በአረብኛ በኩል ከፖርቱጋል ስም የመጣ ነው፣ ብርጭቆው ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ደስ ይለኛል።

መጠኑን አትርሱ። 50 ሚሊ ሊትር ማለት በእንግሊዝ አቆጣጠር አንድ ዩኒት ነው፣ ሙሉው ጠርሙስ 15። የጤና መሥሪያ ቤቱ የሚመክረው በሳምንት ከ14 እንዳይበልጥ ነው። ስኳሩም በሊትር 100 ግራም አካባቢ ስለሆነ ስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

እናቴ ስትመለስ አንድ የ10 ዓመት ታውኒ በልብስ ጠቅልዬ ሻንጣዋ ውስጥ ከተትኩላት። ባለፈው እሑድ ስደውል ገና አልከፈተችውም። ለገና ነው የምታወጣው።

"ከተከፈተ ስንት ቀን ይቆያል?" አለችኝ።

"ፍሪጅ ውስጥ አንድ ወር።"

"እንግዲያው ለጥምቀትም ይተርፋል" አለች።